የኋላው የግራ ጎማ

«አንች ያጠበቅሽው ጎማ ላይ ሰው አልጭንም» አለኝ አጎቴ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚኒባሱን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ።

እኔ ተንበርክኬ የአንድ ባጃጅ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከርሁ ቀዳዳውን እየፈለግሁ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት።

«አትጫና» አልሁት።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አያ እያልሁ ነው የምጠራው። ከጎንደር ደባርቅ ሰው እያመላለሰ ይኖራል፤ መንገዱ ሲዘጋ ይቀመጣል፣ ሲከፈት ይወጣል። ያን ቀን የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴንና የደብራቸውን ካህናት ጭኖ ከኮሶዬ ወዲያ ወዳለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ ሊወስድ ቃል ገብቷል። መሪው ግን እጁ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለውን ጎሚስታ ሁሉ ሲዞር አርፍዷል፤ የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ሁሉም ጋ ወረፋ ነው። ወረፋ የሌለው እኛ ጋ ብቻ ነበር። ወረፋ የጠፋውም ባለቤቱ ወደ አይከል ለለቅሶ ሄዶ እኔ ብቻዬን ስለቀረሁ ነው። ሹፌሮቹ ይመጣሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ማርሽ አስገብተው ይሄዳሉ።

«ሰውየው መቼ ነው የሚመጣ?» አለኝ።

«ነገ።»

«ነገማ ግዝት ነው!»

ግዝት ነው። በእኛ ቤት ሚካኤል ሲሆን አይታረስም፣ አይወቃም፣ ብረት አይነሳም። የቄስ ልጅ ስለሆንሁ ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። አጎቴ ወደ መኪናው ዞረ፣ ወደኔ ዞረ።

«እሽ። ጠጋ በይና እይው።»

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር ቤት መቀመጥ ጀምሬ ነበር። መቀመጥ አልችልም። እናቴ «ጠባይሽ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው» ትለኛለች። ስለዚህ ሠፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ሄጄ ሥራ ስጠኝ አልሁት፣ ሰጠኝ። አባቴ ለሳምንት አላናገሩኝም። ከዚያ ማናገር ጀመሩ፤ ስለ ሥራዬ ግን እስካሁን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጎማዎቹን አየኋቸው። የፊቶቹ የውጭ ጠርዛቸው ተላጭቷል፣ የኋላዎቹ ገና ጥርሳቸው ሙሉ ነው። የኮሶዬን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርምም። ያን ሁሉ ጥምዝ የሚዞረው የፊት ጎማ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ጠርዙ መሬቱን ይላጨዋል፣ መሬቱም እሱን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየጊዜው የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዘዋወር። አራቱም እኩል ያረጃሉ። ይህን ለአጎቴ ከክረምት በፊት ነግሬው ነበር። «ጎማ ቦታውን ይለምዳል፣ አትነካኩት» ነበር መልሱ።

«አሁን አራቱንም ነው የማዘዋውረው» አልሁት።

«የፊቱን ብቻ ካየሽው አይበቃም?»

«አይበቃም።»

ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገባሁ። እኔ የጎማዎቹን ዳዶ ስፈታ እሱ ከጋቢናው ውስጥ አንድ ጣሳ ብርማ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ። ምን እንደሚያደርግ ሳልጠይቀው የወለቀውን ጎማ መሬት ላይ አጋድሞ ቸርኬውን መቀባት ጀመረ።

«አያ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ለንግሥ ነው የምንሄደው። ማኪናዋም ለሚካኤል ትልበስ እንጅ!»

«ዳዶው የሚቀመጥበት ላይ አትቀባ። ቀለም ካለ ዳዶው ብረቱን አይነክስም።»

«ታዲያ ለምን ነው የምታጠብቂው? አጥብቂዋ!»

ሦስቱን በቤንዚን በነከርሁት ጨርቅ ጠረግኋቸው። አራተኛውን፣ ከፊት መጥቶ ወደ ኋላ ግራ የሚገባውን፣ እኔ ሌላውን ሳጠብቅ ዳር እስከ ዳር ወፍራም አድርጎ ቀብቶት ቆየኝ። ጨርቁን ሳነሳ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ናቸው፤ ካህናቱ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው። አጎቴ እንኳን ጨርቅ ሊያስነካኝ፣ ጎማውን ራሱ እያንከባለለ ወስዶ ሰካው። ቀለሙ እጁ ላይ ተለጠፈ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው።

እኔ አጠበቅሁ። መፍቻው ላይ በእግሬ ቆሜ መኪናው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አጠበቅሁ። ከዚያ ፊቱ ቆሜ ነገርሁት።

«ስማኝ። ጎማ ሲዘዋወር ትንሽ ከተሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና ይጠበቃል። ይኸ የግራው ደግሞ ቀለም ላይ ነው የተቀመጠ። ቀለሙ ሲፈረካከስ ዳዶው ይላላል። ኮሶዬ ላይ ቁምና አጥብቀው።»

«እሽ፣ እሽ፣ እሽ።»

ሦስት ጊዜ እሽ ያለ ሰው አንዱንም አልሰማም። የጎሚስታውን በር ቆለፍሁና አብሬው ገባሁ።

አባቴ ጋቢና ተቀመጡ። እናቴ የበዓል ነጭ ቀሚሴን በቦርሳዬ ይዛልኝ ከኋላ በግራ በኩል መስኮቱ ሥር ነበረች፣ ልክ ከዚያ ጎማ በላይ። እኔ በሩ አጠገብ ያለችው ታጣፊ ወንበር ላይ። መኻሉን ካህናቱ ከነከበሯቸውና ከነመቋሚያቸው ሞሉት። ዋናው መሪጌታችን ነበሩ፤ በእድሜ አባቴን የሚበልጡ፣ ሳቅ የሚወዱ፣ ሲቆጡ ግን ደብሩ ሁሉ ዝም የሚልላቸው።

«ዛሬስ ሐኪማችንን ይዘን ነው የምንሄድ» አሉ በቅባት የጠቆረ እጄን አይተው። «ማኪናዋ ብታስነጥስ ይማርሽ የምትል አገኘች።»

ሁሉም ሳቁ። አባቴ አልሳቁም።

ኮሶዬ ስንደርስ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮ ይቆርጣል። ምግብ ቤቶቹ ደጅ መኪኖች ቆመዋል። «አያ፣ እዚህ ቁም» አልሁት። እጁን አወዛወዘና አለፈ። «ዋዜማው ይቀድመናል!»

አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩን ስንይዝ ሰማሁት። መጀመሪያ ከበሮው ከወንበር ጋር የተጋጨ መስሎኝ ነበር። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ። ፍጥነቱን ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል፣ ሲጨምር ይቸኩላል። ከኋላ፣ ከግራ።

«አያ፣ ቁም፤ ጎማው እየጮኸ ነው።»

«ጠጠር ነው።»

«ጠጠር እንዲህ አይጮህም!»

አባቴ ከጋቢና ዞሩ። «ልጄ፣ ተይው። የሚነዳው እሱ ነው።»

ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ የቆምነው ደወሉ ሲደወል ነው። ካህናቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በጥድፊያ ወረዱ። እኔ ወደ ሹፌሩ ወንበር ሄድሁ፤ የጎማው መፍቻ ከወንበሩ ሥር ነው የሚቀመጠው። አጎቴ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋብኝ።

«ደወሉን አልሰማሽም? ዋዜማው ገብቷል። ከዚህ ወዲያ ብረት አይነሳም።»

«ነገ ልትነዳ አይደል? መሪውስ ብረት አይደለም? ካምቢዮውስ?»

«ካህናት ማመላለስ ሥራ አይደለም፣ አገልግሎት ነው።»

«ዳዶ ማጥበቅስ?»

«እሱ ሥራ ነው» አለና መኪናውን ቆልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ።

ሌሊቱን ከእናቴ ጋር አንድ ገበሬ ቤት አደርን። እሷ ተኛች። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ነጋ።

በማግስቱ ታቦቱ ወጣ፣ ዞረ፣ እልል ተባለ፣ ተመልሶ ገባ። የአገሩ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ዙሪያው ያለው የገብስ ማሳ ግማሹ ታጭዷል፣ ማጭዱን ግን አንድ ሰው አልነካም። እኔ በልቼም አልጠገብሁ፣ ዐይኔ ሚኒባሱ ላይ ነው። ጠበል ጸዲቁ ሲያልቅ ሰው መግባት ጀመረ። ትናንት ከነበርነው ይልቅ በዛን። ኮሶዬ ድረስ አድርሰን ያሉ ሴቶች ተጨመሩ፤ ለካህናቱ ከገበሬዎቹ የተሰጠ አንድ ኩንታል ገብስም ከኋላ ተጫነ። ሚኒባሱ በኋላ እግሩ ቁጭ አለ። እናቴ ትናንት የተቀመጠችበት ገብታ መስኮቱን ከፈተች።

ከዚያ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። ጠጠሩ ካለቀ በኋላም እስከ ጎንደር ድረስ ጥምዝ ላይ ጥምዝ ነው፤ ዳሩ ገደል፤ አጥር የለውም።

አጎቴ ፊት ቆምሁ።

«አያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መፍቻውን ስጠኝ። አንተ አትንካ፣ እኔ ነኝ የማጠብቀው። ኃጢአቱም የኔ።»

«እንዴት ያለች ናት!» አለ ለሰዉ። «ታቦቱ መንበሩ ላይ በወጉ ሳይቀመጥ ደጁ ላይ ብረት ልታንኳኳ!»

«ምነው ልጅቱ?» አለች አንዷ የገጠር ሴት። «የቄሱ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

ያ ቃል አባቴ ጆሮ ሲገባ አየሁት። ወደሳቸው ሄድሁ።

«አባዬ፣ ትናንት ሲጮህ ሰምተዋል። እማዬ ያለችው ከላዩ ላይ ነው። እርስዎ ይፍቱኝ፤ አንድ ቃል ብቻ። አጥብቂው ይበሉኝ።»

አባቴ መሪጌታውን አዩ። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። የአገሩ ካህናት ሊሸኙን ወጥተው ቆመዋል፤ ሁሉም ነገሩን እየሰሙ ነው። አባቴ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «ሚካኤል ያወጣን መንገድ ነው፣ እሱ ያስገባናል። ግቢ።»

ወደ መስኮቱ ሮጥሁ። «እማዬ፣ ውረጅ።»

«ኧረ ልጄ ተይ፣ ሰው እያየ ነው።»

«ይየና! ውረጅ፣ በሌላ መኪና እንሄዳለን።»

«አባትሽን እንዲህ ሰው ፊት ጥዬ ልውረድ?» ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ምነው እኔን መኻል አስገባሽኝ?»

አጎቴ ሊገባ በሩን ሲከፍት እጄን በብብቱ ሥር አሾልኬ ከወንበሩ ሥር መፍቻውን ያዝሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ሊነጥቀኝ ክንዴን ጨበጠው። «ልቀቀኝ፣ እነክስሃለሁ» አልሁት፤ ልነክሰውም ነበር። በዚያ ሁሉ ካህን ፊት ከእህቱ ልጅ ጋር መታገል አፈረና ለቀቀኝ።

ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። ነጭ ቀሚሴ አፈር ላይ ነው። ብርማው ቀለም ዳዶዎቹ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል። የሚመጣውን አውቃለሁ። ጥብቅ ሆኖ ከተገኘ ግዝቱን በከንቱ የሻርሁ እኔ ነኝ። ላልቶ ከተገኘ ትናንት ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም መንገድ ወደኔ ነው የሚመጣው። መፍቻውን የመጀመሪያው ዳዶ ላይ ሰካሁ።

አልተንቀሳቀሰም።

«እ?» አለ አጎቴ ከላዬ።

ሁለተኛው ላይ ሰካሁ። እሱም ንቅንቅ አላለም። ከኋላዬ ሰው ሳቀ። አንድ የአገሩ ቄስ «እግዚኦ» ሲሉ ሰማሁ። አጎቴ ጉልበት አገኘ።

«አየሽ? አየሽ? በሉ ተመልከቱልኝ፣ ሰዎች! ከትናንት ጀምሮ ሰውን ስታስፈራራ የቆየች ለዚህ ነው!»

ሦስተኛው ላይ ሰካሁና ገፋሁ። መፍቻው ሄደ። ብዙ ስለገፋሁ በአፍንጫዬ ልደፋ ነበር። ከዳዶው ሥር የቀለም ቅርፊት እንደ ዓሣ ቅርፊት ረገፈ። አራተኛው ላይ መፍቻ አልሰካሁም። በሁለት ጣቴ ያዝሁትና አዞርሁት። ዞረ።

ሳቁ ቆመ።

«አያ፣ ና በጣትህ ሞክረው» አልሁ።

አልመጣም። እጁን ወደ ኋላው አጣመረ። መሪጌታው ቀስ እያሉ መጡና ጎንበስ አሉ፤ በእጃቸው አልነኩትም፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ዳዶውን ነካ አደረጉት። ቅጭል አለ።

«ይኸማ ጥርሴን ነው የሚመስል» አሉ።

«ትናንት ሳታጠብቀው ነዋ!» አጎቴ ጮኸ። «እኔ መጀመሪያም ብያታለሁ! አንች ያጠበቅሽው ላይ ሰው አልጭንም ብያት ነበር!»

«ቀለሙን የቀባው ማነው? በጨርቅ ልጥረገው ስል ጎማውን የነጠቀኝ ማነው? ኮሶዬ ላይ ቁም አላልሁህም?»

«ለጎሚስታው ባለቤት እነግረዋለሁ። ነገ እዚያ ደጅ ብትታይ እኔ ወንድ አይደለሁም። አንድ ሹፌር ደጅሽ አይደርስም!»

ያን ጎማ አጠበቅሁ። መፍቻው ላይ ቆሜ፣ የሚኒባሱን ጎን ይዤ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያልሁ ዙሪያውን ጨረስሁ። ሌሎቹንም ዞርሁ፤ እነሱ ደህና ነበሩ። ስጨርስ ሰው ሁሉ የሚያየው አባቴን ነው።

አባቴ ከጋቢናው ወርደው ቆመዋል። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ያጠበቅሽው ደግ ነው» አሉ። «አላደረግሽም አልልሽም። ነገር ግን ግዝት ነው፤ ደጁም የሚካኤል ደጅ ነው። አጎትሽንም በሰው ፊት አዋርደሻል። መሪጌታ እግር ሥር ውደቂ፣ አጎትሽን ይቅርታ ጠይቂ፣ ከዚያ ግቢና እንሂድ።»

«ለመሪጌታ እወድቃለሁ» አልሁ። ወደቅሁም። መሪጌታው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ተነሽ ተነሽ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

«አጎትሽንም» አሉ አባቴ።

«እሱን አልጠይቅም።»

«ልጄ።»

«አባዬ፣ እማዬን ገደል ሊሰድ ነበር። አልጠይቅም።»

«እንግዲያው የኔ ማኪና ላይ አትወጣም» አለ አጎቴ ገብቶ ሞተሩን እያስነሳ። «በእግሯ ትሂድ። እግሯ ዳዶ የለውም።»

አባቴ ጠበቁኝ። እውነት ነው፣ ጠበቁኝ። አንድ እግራቸው መረገጫው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ሆኖ ፊቴን አዩ። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ወጡና በሩን ዘጉ።

ሚኒባሱን ዞሬ መስኮቱ ሥር ቆምሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«እማዬ፣ ቀለሙ ገና አላለቀም። ዳዶው ኮሶዬ ላይ እንደገና መጥበቅ አለበት። አያ አይቆምም፤ አውቀዋለሁ።»

እናቴ ወንድሟን ከኋላው አየችው፣ ባሏን አየች። ከዚያ እጇን በመስኮቱ አወጣች።

«ወዲህ በይው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ብረቱን ነዋ። ኮሶዬ ስንደርስ ወርጄ ጎማው ፊት እቀመጣለሁ። እስኪ እኔን ረግጦ ይለፍ።»

መፍቻውን ሰጠኋት። ከበዳት፣ በሁለት እጇ ተቀበለችው። በነጠላዋ ጠቀለለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከጎኗ ያለችው ሴት አማተበችና ራቅ አለች። እናቴ ከወንበሯ ሥር ቦርሳዬን አንስታ በመስኮቱ አቀበለችኝ።

«በምን ትመጫለሽ?»

«አስፋልቱ ላይ መኪና አላጣም።»

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥሁ፤ ጠጠሩ ብቻ ነው የሚንኮሻኮሸው። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣ የቀሚሴን አፈር አራግፌ፣ በታጨደው ገብስ መኻል አቋርጬ ወደ አስፋልቱ ሄድሁ።